ብልጭ ያላለው ፍላሽ

መስከረም 19 ቀን 1996፣ ሶዶ

ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ አዲስ ልብስ የለበሰ ሁሉ ዛሬ ፎቶ ቤቴን አጨናነቀው። ፍላሽ ስመርጥ ባለቤቴ፣ «የሶዶን መብራት አምነህ? በባትሪ የሚሠራውን ግዛ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ትልቁን፣ ባለ ጃንጥላውን፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ገዛሁ። ጎረቤቴ የሆነው ፎቶ አንሺ በባትሪ ስለሚሠራ፣ ከእሱ በልጬ ልታይ ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር ከተበላ ከተማ መጡ። የዱንጉዛ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው እንደተቀመጡ ከፍላሹ ጀርባ ያለችው ቀይ መብራት ጠፋች። መብራት መሄዱን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ለፎቶ አይበቃም። ጎረቤቴ ጋ ይሂዱ ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ዝም ብዬ ካሜራውን ቀጭ አደረግሁት።

«አለቀ አባባ፣ ሐሙስ ይውሰዱ።»

«ብልጭ አላለም እኮ ልጄ?»

«አዲስ ዓይነት ነው፤ ብልጭ አይልም።»

ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «አየሽ? ለሰው ዓይን የሚያዝን ነው» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ «እጅህ ይባረክ፣ ቤትህ ብርሃን ይሁን» ብለው መረቁኝ።

አሜን ያለችው ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ስትሰማ የነበረችው ባለቤቴ ናት።