ነን ካፌ

ይድረስ ለልጄ ለአያንቱ፤ ከናፍቆትሽ በቀር እዚህ ለቡ ሁሉም ደህና ነው፤ አንቺስ በርትተሻል?

የላክሽልኝ ብር ደርሶኛል። «ነን ካፌ ሆኛለሁ» ስትዪኝ ካፌ የተቀጠርሽ መስሎኝ ነበር። ለካ የዩኒቨርሲቲውን ምግብ ትቶ የምግቡን ብር ከመንግሥት መቀበል ኖሯል፤ ጎረቤታችን ሲሃም ነገረችኝ። አጥንተሽ፣ በራስሽ ውጤት ያገኘሽው እንጀራ ነውና ብሩን ዛሬውኑ መልሼ ልኬልሻለሁ። እኔን የቲማቲም ንግዴ ይበቃኛል። ምሳ ስበላ ጉርሻ ጠቅልዬ ቀና ስል ወንበርሽ ባዶ ነው።

የምትልኪያቸው ፎቶዎች ፊትሽን ብቻ ነው የሚያሳዩት። እስቲ በልክሽ ያሰፋሁልሽን ቀሚስ ለብሰሽ፣ ነጠላ ሳትደርቢ፣ ቁመሽ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ።

ጉርሻሽን ይዛ የምትጠብቅሽ
እናትሽ በቀለች