የጋሽ ገረሱ ኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2007

የባቡሩ ሥራ መንገዱን ዘግቶት ከተክለ ሃይማኖት በእግሬ መጣሁ። ጫማዬ አቧራ ብቻ። ገና በሩን ሳልዘጋ ሳዲያ ከላይኛው ፎቅ ወርዳ አንኳኳች። ላፕቶፗ አልበራ ብሏታል። እማዬ ከእኔ ቀድማ፣ «ታውቀዋለች! ሌንሳ የማታውቀው ኮምፒውተር አለ እንዴ?» አለች።

ነካካሁት። የቻርጀሩ ገመድ ነው የላላው። ተረፍኩ።

በእውነት ግን ምን አውቃለሁ? የቢሮዬ ሥራ «አይ ቲ» ይባላል እንጂ የፕሪንተር ቀለም መቀየርና ፓስወርድ ለረሱ ሰዎች አዲስ መስጠት ነው። አንድም ኮምፒውተር ከባዶ ገጥሜ አላውቅም። ብሎኩ ግን «ኢንጂነር» ይለኛል። የመጀመሪያ ቀን «አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ጋሽ ገረሱ አስጠሩኝ። ምድር ቤት ያሉት፣ ሠላሳ ዓመት አሰብና ጅቡቲ ተሳቢ የነዱት። ስኳር ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ከወሰደባቸው ሁለት ዓመት ሆነ።

«ኢንጂነር፣ ለገና አዳማ ሄጄ የወንድሜ ልጅ ቤት አንድ ነገር አየሁ» አሉ። ነውር እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የከባድ መኪና ጌም ነው። መሪ አለው፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ያቃስታል። አንድ ሰዓት ነድተው ሲነሱ ክራንቻቸውን ረስተው ሊወድቁ ነበር። «የሄደው ግራ እግሬ ነው። ጌሙ ደግሞ ክላች አይፈልግም» ብለው ሳቁ።

አሥራ አምስት ሺህ ብር በፖስታ ሰጡኝ። ጃካቸውንና የጭነት ሸራቸውን ሸጠው ነው። «ከእንግዲህ ምን ላነሳበት?» አሉ።

«ዕቃውን መርጠሽ ትገጥሚዋለሽ አይደል?»

«ምን ችግር አለው» አልኩ።

ምን ችግር አለው!

ዓርብ፣ ጥር 8

ዝርዝሩን አምስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አምስት ጊዜ ቀደድኩ። ማሰቢያው ፕሮሰሰር ጥሩ ሲሆን ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ይቀንሳል። ካርዱ ጥሩ ሲሆን ሞኒተር የለም። መሪው ደግሞ አለ። ያለ መሪማ ምኑን ነዱት? ቢሮ ውስጥ ሥራ የያዝኩ መስዬ ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ሳነብ ዋልኩ። ባነበብኩ ቁጥር የማላውቀው በዛ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ተክለ ሃይማኖት አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሐጂ አብዱልመናን ሱቅ የተከፈለች ግማሽ ባንኮኒ አለች። ባንኮኒዋን የያዘው ልጅ ሙከሚል ይባላል። በእኔ ዕድሜ ነው። ከከፈተ ስድስት ወሩ።

ዝርዝሬን አነበበ። «አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር ምን ያደርግልሻል? ለጌም ከሆነ ብሩ መግባት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። አይ ስሪ ይበቃቸዋል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ግን እንዳትቆጥቢ፣ ርካሹ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው።»

ፊቴ ጋለ። «አውቃለሁ። ታውቅ እንደሆነ ልይህ ብዬ ነው» አልኩት። ከየት አመጣኋት?

ሳቀና በእስክሪብቶ አስተካከለው። ራሙ ያገለገለ፣ ሞኒተሩም ያገለገለ። ካርዱ አዲስ። መሪው ትንሽ ተጭሯል፣ ግን ይሠራል። ሁሉም በጀቱ ውስጥ ገባ፣ የታክሲም ተረፈ። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ያቃተኝን እሱ ሻዩ ሳይበርድ ጨረሰው።

ከመሄዴ በፊት ማዘርቦርዱን፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ከካርቶኑ አውጥቶ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ክዳን ከፈተው። ከፀጉር የቀጠኑ ፒኖች፣ ከሺህ በላይ፣ ተሰልፈው ያበራሉ።

«አንዱም አልታጠፈም። እዪው። አየሽ?»

«አየሁ።»

«እዚሁ ልግጠምልሽ? አላስከፍልም።»

«እኔ ራሴ እገጥመዋለሁ» አልኩ። ኢንጂነሯ!

እሁድ፣ ጥር 10

ከተራ ነው። ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል። እኔ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አንጥፌ ዕቃውን ደረደርኩ። እማዬ በስልክ ለእህቷ፣ «ሙሉ ኮምፒውተር እየሠራች ነው፣ ከምንም ተነስታ!» ስትል እሰማለሁ።

ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣት ይዤ ሳወርደው ሾለከ። በጠርዙ ፒኖቹ ላይ ወደቀ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። አነሳሁት... ጥግ ላይ አምስት ፒኖች ዝናብ እንደጣለው ጤፍ ተኝተዋል።

ምን አደረግኩ? መልሼ አስቀመጥኩት፣ ክዳኑን ተጭኜ ቆለፍኩት። ምናልባት ይሠራል ብዬ። ማራገቢያው ዞረ። ሞኒተሩ ጥቁር።

«በራ?» አለች እማዬ።

«ገና ነው።»

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ጋሽ ገረሱ በክራንች አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ሊፍት የለ። በር ላይ ቆመው መተንፈስ አቅቷቸው ቆዩ። ከዚያ፣ «እህ? ሞተሩ ተነሳ?» አሉ።

«ቦርዱ ከሱቅ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አልኩ።

አፌ ራሱ ነው የተናገረው። ደግሞስ ምን ልበል? ጣልኩት ልበል? ድሮስ ሴት ልጅና ኮምፒውተር... ይሉኝ ነበር። ጋሽ ገረሱ እንዲህ ይሉ ነበር? አይሉም። የማይሉትን አፋቸው ላይ አኑሬ እየሸሸሁ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ጋሽ ገረሱ ኮንትራት ታክሲ ይዘው ሱቁ ሄዱ። ብቻቸውን። ጭራሽ አልጠበቅኩም። ሲመለሱ ነገሩኝ። ሙከሚል፣ «ወላሂ ከፍቼ አሳይቻታለሁ» ብሏል። እሳቸው፣ «ልጄን ውሸታም አልካት?» ብለው ጮኸዋል። ሕንፃው በሙሉ ወጥቶ አይቷል። ሐጂ አብዱልመናን ገብተው፣ «ገበያ መሐል አይሆንም፣ እሁድ በሽማግሌ እንየው» ብለው ሸኟቸው።

ልጄን አሉ። ልጃቸው አደረጉኝ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ለአምስት ፒን ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። ለሌላ ሰው ባወራው ያስቃል። እኔን ግን አላሳቀኝም።

እሁድ፣ ጥር 17

ልጻፈው። እንዳለ ልጻፈው።

ኮምፒውተሩን ይዘን ሄደን ከሐጂ ሱቅ ጀርባ፣ በካርቶን መሐል ተቀመጥን። በሱቁ በኩል ሐጂ፣ በኛ በኩል የብሎኩ ዕድር ሰብሳቢ አቶ ወልደገብርኤል። ሻይ መጣ። አቶ ወልደገብርኤል ቦርዱን እንደ ቤት ካርታ አገላብጠው፣ በመነጽር አይተው፣ መነጽሩን አውልቀው አይተው፣ «ይሄ ሁሉ ፀጉር ምን ያደርጋል?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ሐጂ ወደኔ ዞሩ። «እኛ ይህን አናውቅም። አዋቂዋ አንቺ ነሽ፣ የምንቀበለው ያንቺን ቃል ነው። ልጄ፣ በእምነትሽ... ሲሸጥልሽ ከፍቶ አሳይቶሻል?»

ሙከሚል አየኝ። አልተቆጣም። ጠበቀኝ።

«አላሳየኝም» አልኩ።

ዓይኔን የስኳሩ ዕቃ ላይ ተከልኩ። ሐጂ፣ «ሙከሚል፣ ቀይርላቸው። እዚህ ገበያ ሰው የሚኖረው በስሙ ነው» አሉት። ሙከሚል ተነሳ። ከመደርደሪያው አዲስ ቦርድ አወረደ። ክዳኑን ሁሉም ፊት ከፈተ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

እዚያው ገጠመው። ጣቱ ፕሮሰሰሩን ሲያስቀምጥ እንቁላል የሚያስቀምጥ ነው የሚመስለው። በራ። ጋሽ ገረሱ አጨበጨቡ። ከሙከሚል ጋር ይቅር ተባባሉ፣ ተጨባበጡ። ለእኔም እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጋሽ ገረሱ ከሥራ እስክመለስ ጠብቀው አስገቡኝ። ኮፍያ አድርገው ነው የሚነዱት፣ የድሮውን። «መንገዱ አንድ ጉድጓድ የለውም፣ ይሄ ብቻ ነው የሚደብረው» አሉ። ከዚያ መሪውን ሳይለቁ፣ «እጅሽ ይባረክ። ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ የናፈቀኝ ሰው ነኝ» አሉኝ።

ምርቃቱ አስፈራኝ። ላልሠራሁት ተመረቅኩ።

ሰኞ፣ ጥር 25

ሳዲያ ቻርጀር ልትገዛ ሙከሚል ጋ ልትሄድ ነበር። ጋሽ ገረሱ፣ «እዚያ አጭበርባሪ ልጅ ጋ እንዳትሄጂ» አሏት። ለዕድሩም ተናግረዋል፣ ለታክሲ ተራ ልጆቹም። ሹፌር ሲያወራ አገር ይሰማል። ይርሳሉ ብዬ ነበር። አይረሱም። ለእኔ ብለው ነው የማይረሱት።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ሄድኩ። ምን እንደምል ሳላውቅ ነው ደረጃውን የወጣሁት።

ሰው የለም። ሙከሚል መብራት ሥር አጎንብሶ የኔን ቦርድ በመርፌ ይነካካል። ቀና አላለም።

«አራቱን አቃናኋቸው። አምስተኛው ተሰበረ» አለ። «መውደቁ አልነበረም የገደለው። ከታጠፈ በኋላ ክዳኑን ተጭነሽ ቆልፈሽበታል። ያኔውኑ ብታመጪው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ሻይ አዝዤልሽ አቃናልሽ ነበር።»

ያውቅ ነበር። ያን ቀን ሽማግሌ ፊትም ያውቅ ነበር።

«ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ አዋቂዋ ነሽ ተባለ። እኔ ሻጭ ነኝ። ሻጭ ምሎ ማን አምኖት ያውቃል?» መርፌውን አስቀመጠ። «ሐጂ ባንኮኒውን እስከ መጋቢት ነው የሰጡኝ። ከዚያ እናያለን ብለዋል።»

ይቅርታ አልኩት። ቃሏ ስትወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች... እሱም፣ «ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል?» አለ። በክፋት አይደለም። እውነቱን ነው።

ዓርብ፣ ጥር 29

ለጋሽ ገረሱ ነገርኳቸው። እየነዱ ነበር። መጀመሪያ ያልሰሙኝ መሰለኝ። ከዚያ መኪናውን ጥግ አስይዘው አቆሙ። ሞተሩን አጠፉ። ኮፍያቸውንም አወለቁ። የምር መንገድ ላይ ያሉ ይመስል።

«በልጁ ላይ ጮህኩበት እኮ» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

መሪውን በመዳፋቸው ጠረጉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በሠላሳ ዓመት ሁለት ጊዜ ሰው ገጭቻለሁ። ሁለቱም እንዳልሞቱ ኋላ ሰማሁ። በአንዱ ቆሜ አነሳሁት፣ ተከሰስኩ፣ ታሰርኩ፣ ከፈልኩ። በሌላው ነድቼ አመለጥኩ።» ስክሪኑን እንጂ እኔን አላዩም። «የቆምኩለትን ሰውዬ መልኩን ረስቼዋለሁ። ያኛው ግን አዋሽ ላይ እስከዛሬ እጁን እንዳነሳ ነው።»

ከዚያ፣ «ሽማግሌዎቹን እኔ እጠራቸዋለሁ። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ» አሉ። ኢንጂነር አላሉኝም።

እሁድ፣ የካቲት 1

ያው ቦታ፣ ያው ካርቶን። ጋሽ ገረሱ ያን ደረጃ በክራንች ወጡ።

ተናገርኩ። ከላይ እስከ ታች። ድምፄ ጠፋ፣ እንደገና ጀመርኩ። አቶ ወልደገብርኤል መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ሐጂ፣ «ይሄን ልጅ በቃልሽ አስጥለሽኝ ነበር» አሉ። የቦርዱን ዋጋ ከደመወዜ እንድከፍል ተወሰነ። ሐጂ ግን፣ «ብሩ ቀላሉ ነው። ያበላሸሽው በሰው ፊት ነው፣ የምታቀኚውም በሰው ፊት ነው። ስሙ የተነሳበት ቤት ሁሉ ሂጂ» አሉኝ።

ጋሽ ገረሱ ተነስተው የሙከሚልን ትከሻ ሳሙት። እሱ ደነገጠ። እኔ አለቀስኩ። ማልቀሱም አሳፈረኝ፣ የበደልኩት እኔ ሆኜ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሃያ ሁለት በር አንኳኳሁ። የታክሲ ተራ ልጆቹ ጋም ሄድኩ። እነሱ ሳቁብኝ፣ ቀለለኝ። በየቤቱ፣ «ኧረ ምንም አይደል» የሚሉት ናቸው የከበዱኝ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሉትን አውቃለሁ።

እማዬ ከጎረቤት ነው የሰማችው። ከሁሉም በፊት ለእሷ መንገር ነበረብኝ፤ እሷን ግን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ልብስ እያጣጠፈች፣ «እኔን ነው እንዴ የፈራሽው?» አለችኝ።

አንቺንም፣ አልኳት። ማጣጠፏን አላቆመችም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ከሥራ ስገባ የጋሽ ገረሱ የጌም መኪና ጡሩንባ ግቢው ድረስ ይሰማል። ጎረቤት አጉረምርሟል አሉ። በመስኮት አዩኝና፣ «ሌንሳ! ቅዳሜ ሙከሚል ድምፅ ማጉያ ያመጣልኛል» አሉ። ባሰው።

ራት ልንቀርብ ስንል ሳዲያ አንኳኳች። ላፕቶፗን ታቅፋ። ስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ወጥቶበታል። ወደኔ ሳይሆን ወደ እማዬ አየች። እማዬም እኔን አየችኝ።

«ቆይ» አለቻት። «ታውቀው እንደሆነ ራሷ ትንገርሽ።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ላፕቶፑን ተቀብዬ አየሁት። መስመሮቹን ቆጠርኳቸው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«አላውቀውም» አልኩ። «ነገ ሙከሚል ጋ አብረን እንውሰደው። ሲሠራ እኔም ልይ።»

እማዬ ለሳዲያ ወንበር ሳበችላት፣ ሦስታችንም ራት በላን።