ስለ አረጋውያን የፍቅር ቀን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ አልዓዛር
የአረጋውያን መጦሪያችን አስተዳዳሪ
ጅማ
ጥቅምት 23 ቀን 1977 ዓ.ም.

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ የጠነከረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሸኩር ጀማለዲን በቦሳ አዲስ ቀበሌ የቡና መጋዘን ጆንያ ስሰፋ የኖርኩ፣ እዚያው ቡና ስትለቅም ያገኘኋትን ሐጂራን አግብቼ አርባ አንድ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ወደ መጦሪያው ስንገባ እሷን ወደ ሴቶች ግቢ፣ እኔን ወደ ወንዶች ግቢ መድበው፣ እሑድ እሑድ በፈቃድ ወረቀት ግማሽ ሰዓት እንድንተያይ ስላደረጉልን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላመሰግንዎ ቀርቻለሁ።

አንደኛ፣ በመስከረሙ የአብዮት በዓል ሰሞን «የአረጋውያን የፍቅርና የኅብረት ቀን» አዘጋጅተው «ማንም አይቀርም» ስላሉ አመሰግናለሁ። በእርግጥም ማንም አልቀረም፤ መነሣት ያቃታቸው ከነፍራሻቸው ወጥተው ዝናብ መታቸው፤ ዓይነ ስውሩ አቶ ነጋሳም የጭፈራው ትርኢት ዳኛ ሆነው ተሾሙ።

ሁለተኛ፣ በፍቅር ቀን ወንዶችን በቀኝ፣ ሴቶችን በግራ አስቀምጠው በመካከላችን ገመድ ስለወጠሩ አመሰግናለሁ። ሐጂራ ከማዶ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ባይ ገመዱን ተሻግሬ ጋቢዬን ደረብኩላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እርስዎም በድምፅ ማጉያው «አባባ፣ ይህ ፕሮግራሙ ላይ የለም!» አሉ። ሐጂራ «ተመለስ ሸኩሬ፣ ወላሂ ይቀጡሃል» አለችኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም። የእሑዷ ግማሽ ሰዓታችንም ለሁለት ወር ተሰረዘች።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ሳሏ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል ይሰማኝ ነበር። ወደ ትኩሳት ሲለወጥባት ልጠይቃት ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሦስት ጊዜም «ቅጣቱ ሲያበቃ» የሚል መልስ ከነማኅተሙ ደረሰኝ። ትኩሳቱ ግን ቅጣቱ እስኪያበቃ የሚታገሥ አልመሰለኝም። ትናንት በቀትር በአጥሩ በር ገባሁ፤ ዘበኛው ምንም እንዳላየ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። በሕሙማን ክፍል ሐጂራን ብቻዋን አገኘኋት። «ዘገየህ» ብላ አኮረፈችኝ፤ ቆይታ ግን ከእጄ ሦስት ማንኪያ አጥሚት ጠጣችልኝ።

እርስዎም ወሬው እንደደረሰዎ «ውሳኔ እስኪሰጥ» ብለው በሩን ከውጭ አስቆለፉብን። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው፤ እኛም መውጫ የለንም፣ ሐኪምም መግቢያ የለውም። ስለዚህ ለሐኪሙ ብቻ እንዲከፍቱ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እኔን ለማስወጣት አይድከሙ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከባለቤቴ ጋር በአንድ በኩል ያዋለኝ መሥሪያ ቤትዎ ሳይሆን ይህ ጓጉንቸር ነውና።

ለሰጡን ፍቅር ሁሉ ባለ ዕዳ ሆኜ፣ ከሐጂራ አልጋ ግርጌ፣
አክባሪዎ
ሸኩር ጀማለዲን

ማስታወሻ፦ ይህን ጽሑፍ በፍርግርጉ ተቀብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጥፈውን ሰው አላውቀውም። መጻፍ የተማርኩት ግን እዚሁ፣ በእናንተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ስታስተምሩኝ ምን ልትጽፍበት ነው ብላችሁ ስላልጠየቃችሁኝ ውለታችሁን አልረሳም።