ለሁሉም ግልጽ የሆነችው አንዲት መስመር

ለክቡራንና ክቡራት የ«ጀማሪዎች ከዚህ ይጀምሩ» ገጽ አዘጋጆች፣ አራሚዎችና ጠባቂዎች፤
ባላችሁበት።

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዓይናችሁ ከስክሪን፣ ወገባችሁ ከወንበር፣ ጆሯችሁም እንደ እኔ ካለው ጨቅጫቃ ተጠብቆ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጨጓራዬ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጨጓራዬን ማን እንደላጠው ደግሞ ከዚህ በታች በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

በአንድ የጆሮ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ታካሚዎችን መመዝገብና ተራቸው ሲደርስ ስማቸውን ጮክ ብዬ መጥራት ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ መስማት ተስኗቸው የመጡ ሰዎችን በድምፅ እንድጠራ ደመወዝ ይከፈለኛል። የመቆያው አግዳሚ ወንበር ከኮሪደሩ መታጠፊያ ወዲያ ስለሆነ በእጅ ልጥራ ብል አያዩኝም፣ በጩኸት ልጥራ ብል አይሰሙኝም፣ ተነሥቼ ልሂድ ብል ደግሞ ካርድ ክፍሉ ቀውጢ ይሆናል። ዘመድ ይዞ የመጣ ሰተት ብሎ ሲገባ፣ ብቻውን የመጣው በሩን እያየ ይውላል።

ከአግዳሚው ፊት ለፊት ማንም የማይከፍተው ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የተራ ቁጥር በትልቁ የሚያወጣ ፕሮግራም ብሠራለትስ ብዬ አሰብኩ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ የወሰድኳት አጭር ኮርስ ነበረችኝና። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጎረቤቴም የእናንተን መሣሪያ ጠቆመኝ፦ መስኮትና ቁልፍ በስክሪን ላይ መሥሪያ፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት፣ ዋጋውም ነጻ። ገጻችሁን ስከፍት «በአምስት ደቂቃ የመጀመሪያ መስኮትዎን ይሥሩ» ይላል። እሰይ አልኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ መሆኑን በምን ልወቅ?

ለምን እንደቸኮልኩም ልንገራችሁ። አባባ መካኒኩ የምንላቸው ታካሚ አሉን። መኪና አስነሡልኝ ይሉና ኮፈኑ ሳይከፈት ሞተሩን አድምጠው ሕመሙን የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ እንጀራቸው ጆሯቸው ነው። አንደኛው ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል። ደህናው ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሡ ድፍን አለባቸው። ስፔሻሊስቱ የሚመጡት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራኋቸው፣ አልሰሙም፣ ተራቸው አለፈ። ሊሄዱ ሲነሡ «የሚመጣው ሐሙስ ቴሌቪዥኑን ይመልከቱ፣ ቁጥርዎ ይወጣል» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። በእናንተ አምስት ደቂቃ ተማምኜ ነበር።

ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ «በቀላሉ» ስለምትለዋ ቃላችሁ። በቀላሉ ይጫኑት አላችሁ፤ ጫንኩት፣ ተጭኗል አለኝ። ፕሮግራሙን ሳስጀምረው ግን እንዲህ የሚባል ነገር እዚህ የለም ይላል። እንደገና ልጫነው ስል አስቀድሞ ተጭኗል ይላል፤ ሳስጀምረው የለም ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ነው የገባኝ፤ ለካ ኮምፒውተሩ ላይ መሣሪያችሁ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ቦታ ተጭኖ ኖሯል፦ አንዱን ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ፣ ሌላውን እኔ። ዕቃዬን አንዱ ቤት አስገብቼ የሌላውን ቤት በር ሳንኳኳ ከርሜያለሁ። ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል አንዲት ቃል ብትተነፍሱ ምን ነበረበት? እርግጥ ነው፣ በእናንተ ኮምፒውተር ሁሉም ነገር ከጥንት ጀምሮ በየቦታው ተቀምጧል፤ ችግረኛን እንዴት ታዩታላችሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥያቄና መልስ መድረካችሁ መስተንግዶ። ችግሬን በትሕትና ጻፍኩ። ከመካከላችሁ አንዱ ክቡር ሰው «ይህ ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ብለው ዘጉትና ወደ አሮጌው ጥያቄ መሩኝ። አልሸሹም ዞር አሉ። ሄድኩ። እዚያም አንድ ወንድማችን ልክ የእኔን መከራ ጽፎ ኖሮ፣ ከሥሩ ራሱ «ተዉት፣ ተፈታልኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ተሰናብቷል። እንዴት እንደተፈታለት ግን ትንፍሽ አላለም። ኧረ ወንድሜ፣ የሰው ያለህ! ሌላው የመድረኩ አንጋፋ ደግሞ «ምንጩ ክፍት ነው፤ ካልተመቸሽ ራስሽ አስተካክዪው» አሉኝ። ለዚህ ቅን ምክር ምስጋናዬ ወደር የለውም። እኔም ከእንግዲህ ተራ ላለፋቸው ታካሚዎች «ክሊኒኩ ክፍት ነው፤ ግቡና ራሳችሁን አክሙ» እላለሁ።

አራተኛ፦ ሦስተኛው የት ሄደ ብላችሁ ግራ እንዳትጋቡ፤ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ አልጻፍኩትም። ደስ አይልም አይደል? መመሪያችሁም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ምሳሌያችሁ መስኮቱን ይሠራል፣ ጽሑፉን ይጽፋል፤ መስኮቱን «ክፍት ሆነህ ቆይ፣ ሰው እስኪዘጋህ ጠብቅ» የምትለው የመጨረሻዋ መስመር ግን የለችበትም። እናንተ ፕሮግራም የምትጽፉበት ሌላው ሶፍትዌር መስኮቱን ራሱ ይዞ ስለሚያቆይላችሁ መጉደሏን ልብ አላላችሁም። እኔ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ቤቶች አስታርቄ ፕሮግራሙን ሳስጀምር መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ስሕተት የሚል ቀይ ጽሑፍ ስላልመጣ ተሳካ ብዬ ተደሰትኩ፤ የቀረውን ጠዋት ከቴሌቪዥኑ ጋር በማያይዝበት ጊዜ አስተካክለዋለሁ አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይህቺ የእኔ ጥፋት ናት፣ አልክድም።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር መስጠት አስጠላኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባባ መካኒኩ ወረቀቴን ይዘው መጡና ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቻለሁ። ሳስጀምረው ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ሳስጀምረው ብልጭ ይልና ይጠፋል። እኔ እንደተያዝኩ ያየችው ነርስ፣ ልታግዘኝ ብላ፣ እንደ ድሮው በድምፅ ትጠራ ጀመር። እኔ ቀና ብዬ ስወጣ ስፔሻሊስቱ ሄደዋል፣ ኮሪደሩም ባዶ ነው። አባባ ብቻ እኔ እንዳልኳቸው ጥቁሩ ቴሌቪዥን ላይ ዓይናቸውን ተክለው ተቀምጠዋል። ቁጥራቸው እንዳያመልጣቸው ፈርተው ሽንት ቤት እንኳ አልሄዱም ነበር።

ያቺን መስመር በማግስቱ አገኘኋት፤ ከእናንተ ገጽ ሳይሆን አንድ ተማሪ ለጓደኞቹ ከለጠፈው ማስታወሻ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። ጨመርኳት፣ መስኮቱም ቆመ። በሦስተኛው ሐሙስ የአባባ ቁጥር ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ፤ አይተው ብድግ አሉ፣ ገቡ። ስፔሻሊስቱ መርምረዋቸው ሲያበቁ ጠሩኝና፣ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር እንደነበር፣ ባለፈው ሐሙስ ቢሆን ተስፋ እንደነበረው፣ አሁን ግን መሽቶበታል ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። አባባ ስለማይሰሙ እኔ ጽፌ እንዳሳያቸው ታዘዝኩ።

እስክሪብቶ ፍለጋ ኮሪደሩ ላይ ስወጣ አባባ ተከትለውኝ ወጡና፣ የማይሰማ ሰው እንደሚጮኸው እየጮኹ፣ «ይህቺን የሠራችልን ይህች ልጅ ናት! ቁጥሬ ፍንትው ብሎ ታየኝ! እጅሽ ይባረክ ልጄ!» ሲሉ ለሰዉ ሁሉ አወጁልኝ። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው አጨበጨበ። እኔ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

ጆሯቸውን የነጠቃቸው በሽታ ነው፤ እናንተ ነጠቃችኋቸው አልልም፣ ነገር አላጋንንም። በነጻ እንደምትደክሙም አውቃለሁ። ያቺ ሁለተኛዋ ሐሙስ ግን ግማሿ የእኔ ከሆነች ግማሿ የእናንተ ናት፤ ድርሻችሁን እንድትረከቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሲመቻችሁም፣ በቀላሉ፣ አንዲት መስመር ብቻ ጨምሩበት።

ለእውቀታችሁ ጥልቀት፣ ለመልሳችሁ ፍጥነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄዬን የዘጋችሁበት ትሕትና ባለዕዳ ሆኜ የምኖር፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ጀማሪዋ፣ ከካርድ ክፍል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በገጻችሁ ግርጌ «ይህ መመሪያ ረድቶዎታል?» የሚል ጥያቄ አይቼ «አልረዳኝም» የሚለውን ተጫንኩ። «ስለረዳንዎ ደስ ብሎናል» የሚል መልስ መጣልኝ። እኔ በሙያዬ እንዲህ ያለውን ሕመም ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሐሙስ ብቅ በሉ፣ ካርድ አወጣላችኋለሁ። ቶሎ ኑ ግን፤ ሲቆይ አይድንም።