በሞቴ የሚል ሰው

ሰኞ

ካርቱን ነው ብዬ እኮ ነው የተቀመጥኩት። ካርቱን የልጅ ነገር ነው፣ ይሯሯጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ያልቃል። የከፈተችው ኤደን ናት። ኤደን የእትዬ ራሔል ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ክፍላቸው ውስጥ ኮቪድ ተገኘ ተብሎ ሁሉም ቤት ዋሉ ተብለዋል። እናቷ ሂሊያርድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሰራው፣ እሷ ሥራ ስትገባ እኔ ከታች ካለው አፓርትመንቴ እወጣና ከልጅቱ ጋር እውላለሁ። የጃፓን ነው አለችኝ። የጃፓን ካርቱን ነፍሷ ነው፣ ግድግዳዋ ሁሉ ዓይኑ የትየለሌ የሆነ ሰው ነው።

ጦርነት ነው። አውሮፕላን ይመጣል፣ ከተማው ይነዳል፣ እናትየው ትሞታለች። አንዲት ልጅ ትንሽ ወንድሟን አዝላ ትቀራለች። ስታዝለው ደግሞ እንደኛው ነው፣ በጨርቅ፣ ደረቷ ላይ ቋጥራ። ጃፓን ልጅ እንደሚታዘል አላውቅም ነበር። የስኳር ድንች ቅጠል ትቀቅላለች፣ ቅጠሉንም ለሱ፣ ውሃውንም ለሱ፣ እሷ ድስቱን በጣቷ ትጠርጋለች። ከዛ አንድ ገበሬ ቤት ሄዳ ቆመች። ሴትዮዋ በሩን ከፈት አድርጋ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቱ ጎንበስ ብላ መለሰች። ሴትዮዋ በሩን ዘጋችው።

"ምን አለቻት?" አልኳት ኤደንን። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፣ ይፈጥንብኛል።

"በላችሁ ወይ አለቻት። ሺ ሴድ የስ፣ አዎ አለች።" ዞር ብላ አየችኝ። "ለምን ዋሸች ግን?"

እዛ ላይ ሪሞቱን ቀምቻት አጠፋሁት። ኤደን ጮኸችብኝ፣ ጀስት ኤ ሙቪ ነው ሰዓዳ፣ ፊልም ብቻ ነው እኮ እያለች። ባዝሩም ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ስወጣ አዲስ ደብተር ይዛ ቆማለች። ትምህርት ቤት ሲከፋችሁ ጻፉ ይሏቸዋል አሉ። እኔ ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፣ ምን እጽፋለሁ? ይሄው ግን እየጻፍኩ ነው።

ኢድሪስና ሐያት። ወንድሜና እህቴ። ወልድያ ናቸው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አባታችን ዓረብ አገር ሄዶ እዛው ቀረ። አብሯቸው የሚሆን ሰው እናገኛለን ስንል ጦርነቱ ደረሰ።

ማክሰኞ

ጀማል ደወለ። ባሌ ነው፣ ትራክ ነው የሚነዳው፣ ዛሬ ቴክሳስ ነኝ አለኝ። ድምፄን ሲሰማ ወዲያው፦

"ፌስቡክ ከፈትሽ አይደል? አትክፈቺ አላልኩሽም?"

"ፌስቡክ አይደለም፣ ካርቱን ነው።"

"ካርቱን?"

"የጃፓን።"

"አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዛ መሳቄ አናደደኝና ዘጋሁበት። ምስኪን፣ መንገድ ላይ ሆኖ ምን ያድርግልኝ።

መጨረሻ ያገኘኋቸው ክረምት ላይ ነው፣ ስልኩ ሊቋረጥ አንድ ቀን ሲቀረው። መጀመሪያ ሐያት ናት የያዘችው። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሰላም ሳትለኝ ቸኮሌት ላኪልኝ አለች፣ ጫማም፣ አሻንጉሊትም፣ ፀጉሯ ረጅም የሆነችውን። ኢድሪስ ነጠቃት። አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ እየጎረነነ ነው።

"በልታችኋል?" አልኩት።

"በልተናል።"

"ምን በላችሁ?"

"በልተናል አልኩሽ እኮ ሰዓዳ።"

በቃ። ይሄ ነው ያለኝ። ከዛ ወዲህ ስደውል ያቺ ተቀድታ የምታወራው ሴትዮ ናት የምታነሳው። የደወልሽለት ሰው አይገኝም ትለኛለች፣ በጨዋ ድምፅ። ጠዋት እደውላለሁ፣ ሥራ ላይ እደውላለሁ፣ እሷ ናት። ባንኩ ዝግ፣ መንገዱ ዝግ።

በልተናል። እኔ ኢድሪስን አውቀዋለሁ። ድስቱን በጣቷ የጠረገችው ልጅ በልተናል ስትል ያጎነበሰችው አንገት የሱ አንገት ነው።

ሮብ

እትዬ ራሔል ፍሪዘሩን ከፍታ ደነገጠች።

"ሰዓዳዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው?"

የኤደን ቁራሽ ነው። ሳንዱቹን ጠርዙን ትተዋለች፣ ፒዛውን ግማሹን ትተዋለች፣ መጣል አቃተኝ። በፌስታል በፌስታል እየጠቀለልኩ ከትቼዋለሁ፣ በረዶ ሆኗል። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ወልድያ አይላክ።

"አይጥ እንኳ እንደዚህ አይሰበስብም እኮ" አለችና ሳቀች፣ ከዛ ፊቴን አይታ መሳቋን ተወችው። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ልጆቹ ታውቃለች። እሷ ጴንጤ ናት እኔ እስላም፣ ግን እጄን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፣ ስማቸውን እየጠራች። ሐያትን ሕይወት አለቻት። አላረምኳትም፣ አላህ የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል።

ስታበቃ "ምሳ በልተሻል?" አለችኝ።

"በልቻለሁ።"

"እሺ" ብላ የቀረውን ሩዝ ፍሪጅ ከተተችው።

አልበላሁም ነበር። እዚህ ቤት መጀመሪያ የመጣሁ ቀንም እንደዚሁ ነው የሆነው፣ ጠግቤያለሁ አልኩ፣ እሺ አለች፣ ማታ ቤቴ ስገባ እጄን ሳልታጠብ ዳቦ ላይ ነው የወደቅኩት። እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠይቁሽ። ክፋት አይደለም፣ አፍሽ ያለውን ያምናሉ።

እማዬ ደግሞ እንዲህ ነበር የምትለን፦ ሰው ቤት ብሉ ሲሏችሁ ጠግቤያለሁ በሉ። ሁለተኛም ሲሏችሁ ጠግቤያለሁ በሉ። በሞቴ ካሉ፣ ያኔ ቀመስ አድርጉ። ቀድሞ እጁን የሰደደ ቤት ሲደርስ ጭኑ ይቆነጠጣል። ኢድሪስ ተቆንጥጦ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ የጨዋ ልጅ ይለው ነበር። እማዬ ይሄን ስትሰማ ሻሿን ታስተካክላለች፣ የወርቅ ሀብል ያሰሩላት ይመስል።

ሐሙስ

ዋትሳፕ ላይ የሰፈራችን ሰዎች ግሩፕ አለ። ጅዳ ያለ አለ፣ ቤሩት ያለ አለ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ሸሽቶ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለለ አለ። ሁሉም ሰው ይፈልጋል። እናቴን ያየ። ዓይናቸው የማያይ አባቴን ያየ። አንዷ የሕፃን ፎቶ ለጠፈች፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ የልብ ምልክት አደረግኩበት፣ ከዛ የሰዉን መልስ ሳነብ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

ስጽፍ ጊዜ ስለሚፈጅብኝ በድምፅ ነው ያስቀመጥኩት። ሰዓዳ ነኝ፣ የሐዋ ልጅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የእትዬ ደስታ ጎረቤት። ኢድሪስ ቀጭን ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። ሐያት የፊት ጥርሷ ወልቋል። አሁን ግን በቅሎ ይሆናል። ያያችሁ በአላህ። መልሼ ሳላዳምጠው እንደዛው ላክሁት።

ወዲያው አንድ ሰው አሚን አለ። ከዛ ማንም።

የሆነ ነገር ማድረግ አለብኝ። ምን? የኤደንን ጫማ አጠብኩ። ሳይቆሽሽ።

አርብ

ኤደን ፊልሙን ብቻዋን ጨርሳዋለች። ክፍሏ ውስጥ፣ በታብሌት፣ በሩን ዘግታ። ዓይኗ ቀልቷል።

"መጨረሻውን ልንገርሽ?"

"እንዳትነግሪኝ።"

"በት ሰዓዳ..."

"አልኩሽ እኮ!" ጮህኩባት። ደነገጠች። አቀፍኳት።

ትንሽ ቆይታ ያንኑ ጠየቀችኝ፣ ልጅቱ ለምን ዋሸች። እንግዲህ እንደምንም አስረዳኋት። ውሸት አይደለም አልኳት፣ ማፈር ነው፣ ሰው እንዳይከብደው ነው፣ ጠያቂውም ያውቀዋል፣ እምቢ ቢሉትም ይደግማል። ሦስተኛው ላይ በሞቴ ይልሻል፣ እሱን እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ትበያለሽ።

"በሞቴ ምንድነው?"

"እኔ ልሙትልሽ፣ ብይ እንደማለት።"

ዓይኗን አፈጠጠች። "ዛትስ ስኬሪ! ያስፈራል!" ትንሽ አሰበች። "ሴትዮዋ ግን በሞቴ አላለቻትም።"

"አላለቻትም።"

"ምክንያቱም እሷም ምግብ የላትም፣ ቤቷ ውስጥ። ልጅቱ አንዴ በልተናል ስትላት ሺ ወዝ ላይክ፣ ኦኬ፣ ቴንክ ጋድ፣ ተመስገን።"

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ስንት ቀን ደረቴ ላይ ተቀምጦ ያነቀኝን በአንድ አፍ አወጣችው። ሰው ጎተራው ሲራቆት በሞቴ ማለት ያቆማል። ያኔ የጨዋ ልጅ ምን ይሆናል?

ጁምዓ ነው፣ ሰገድኩ። ዱዓ ሳደርግ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ያረቢ ኢድሪስን ለማኝ አድርግልኝ። ያረቢ ሌባ አድርግልኝ፣ ዓይን አውጣ አድርግልኝ። እማዬ ብትሰማኝ ምን ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ምንም የለም። በረዶ ሞከረና ተወው። ደወልኩ፣ ያቺው ሴትዮ ናት፣ አይገኝም አለችኝ።

ጀማል ቡጢ የምታክል ማግኔት ገዛሁልሽ አለኝ፣ የላም፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ። ላም ምን ያደርግልኛል። እሺ አልኩት።

እሁድ

ቶሎ ልጻፈው።

የማላውቀው ቁጥር ነው የደወለው። ካር ኢንሹራንስ ግዢ እያሉ የሚያስቸግሩት ናቸው ብዬ ላላነሳ ነበር።

"ሰዓዳ! የሐዋ ልጅ! እኔ ነኝ፣ ደስታ!"

እትዬ ደስታ! ደብረ ብርሃን ገብታለች፣ ልጇን ይዛ፣ ብዙውን በእግሯ። አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ የኔን ድምፅ ሲከፍተው አጠገቡ ተኝታ ሰማችው። ተነስታ፣ ይቺማ ሰዓዳ ናት ብላ ስልኩን ቀማችው።

"ልጆቹስ?" አልኳት።

"አሉ። ስወጣ ነበሩ። ስሚኝ፣ አትጩሂ፣ ካርዱ የሰው ነው። እናንተ ቤት ጭስ ጠፋብኝ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ጭስ የለም። ከጓዳዬ የቀረችኝን ሽምብራ ንፍሮ ቀቅዬ ጠራኋቸው። ኢድሪስ በር ላይ ቆመ። ግቡ ብሉ ስለው፣ በልተናል እትዬ ደስታ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። ያውም በኛ በክርስቲያኖቹ ምርቃት፣ እኔን ደስ ይበላት ብሎ!"

ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ይሄኔ ያቺ ጉድ፣ ከኋላው ብቅ ብላ፣ ውሸቱን ነው! እኔ አልበላሁም! አትልም? በጥፊ ሊላት ሲል በብብቱ ሥር ሾልካ ሰፌዱ ላይ ወደቀች። በሁለት እጇ! እያነቃት! ከዛ በኋላማ ማን ይቻላት፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆማ፣ እትዬ ደስታ አልበላሁም፣ ነው ሰላምታዋ።"

ሳቅኩ። አለቀስኩ። እማዬ አልደረሰችባትማ! ለመቆንጠጥ ገና ትንሽ ነበረች። ሐያትን ጨዋ ሳታደርጋት ነው የሞተችባት። አልሃምዱሊላህ።

"እሱስ? ኢድሪስ በላ?"



"እሱማ ያፍራል። ሰፌዱን ይዞላት ይቆማል። እኔ ነኝ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያልኩ፣ አፉን በግድ ከፍቼ የማጎርሰው።"

ለምን ይዛቸው እንዳልወጣች ጠየቅኳት። ምነው ባልጠየቅኳት። ጎትታው ነበር። እምቢ አለ። ስልኩ ሲመለስ ሰዓዳ ደውላ ብታጣንስ አላት። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል፣ ባትሪው እንዳያልቅ አጥፍቶት።

"ለሙሄ አደራ ብያለሁ፣ እያቸው ብዬ። ማሽላ አለው፣ ደግ ሰው ነው።"

ካርዱ አለቀ።

ሰኞ

ጋሽ ሙሄን አውቃቸዋለሁ፣ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ደግ ናቸው፣ እውነት ነው። ግን ንግግር አያውቁም። ሰው ቤታቸው ሲገባ "ብላ" ይላሉ፣ ሰውዬው እምቢ ካላቸው አይደግሙም፣ ሳህኑን ያነሳሉ። እማዬ ሙሄ ጋ የሄደ ሆዱን ይዞ ይመለሳል እያለች ትስቅ ነበር።

ሐያት ትጮሃለች። ለሷ ዛሬ ትንሽ ተነፈስኩ። ጠዋት ስነሳ የበር ላይ ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ አልበላሁም አልበላሁም፣ እንደ ዘፈን።

ኤደን ነገ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ቦርሳዋን እያዘጋጀች መጨረሻውን ልንገርሽ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ፊልሙ የራሱን ይጨርስ። ሳንዱች ሰርታ መጣች፣ ራሷ፣ ኦቾሎኒ ቅቤው እስከ ክርኗ ድረስ።

"ብይ።"

"በልቻለሁ።"

"ብይ ሰዓዳ።"

"ጠግቤያለሁ አልኩሽ።"

ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። "በሞቴ" አለች። የኛን ጠበቅ ያለውን ጠ እንኳ የማትችል ልጅ፣ ቀስ ብላ፣ ደንግጣ፣ አሁኑኑ የምትሞት ይመስል።

በላሁ። እያነቀኝ በላሁ። ጠርዙንም በላሁት።

ከዛ በረንዳ ወጥቼ ደወልኩ። ስልኩ ጠፍቶ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ሴትዮዋ አነሳችው፣ አይገኝም ማለት ጀመረች። አላስጨረስኳትም። በላይዋ ላይ ጮህኩ፣ ከታች ውሻ የሚያናፍሰው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ፣ ይየኝ።

ኢድሪስ፣ ብላ።

ብላ ኢድሪስ።

በሞቴ።