አንጓች የሠራችው የማኪና ማርካ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

የለም። ጠዋት ካሚዮኑን ላጥብ ቀሐ ወንዝ ወርጄ ባየው፣ ከኮፈኑ ፊት ማርካው የለም። ያ ክንፍ ያለው ጎማ፣ ከሥሩ አራት የፈረንጅ ፊደል። የቀረው ሁለት የቡሎን ቀዳዳ ብቻ ነው።

የት እንደ ወደቀ አውቃለሁ። ትናንት ከአዲ አርቃይ ስመጣ ሊማሊሞ ላይ ለበቅሎ ነጋዴዎች መንገድ ስለቅ የማኪናውን አፍንጫ ከድንጋዩ ጋር አሻሸሁት። ወርጄ አላየሁም። ስንፍና። አሁን ገደል ውስጥ ነው።

የካሚዮኑ ጌታ አያ ተገኘ ለተዝካር እንፍራንዝ ናቸው፤ እሑድ ይመለሳሉ። ማርካውን በጋቢያቸው ጫፍ የሚወለውሉት ራሳቸው ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረውን ሹፌር ያባረሩት መስተዋት ሰነጠቀ ብለው ነው።

ለሚስቴ ለአንጓች ነገርኋት። አልጮኸችም። «ስፋቱ ምን ያህል ነበር?» ብቻ አለች። መዳፌን ዘረጋሁላት።

ረቡዕ፣ የካቲት 10

አንጓች ካሚዮኑን ልታይ መጣች። መሪው መካከል፣ ክላክሱ ላይ፣ ያው ማርካ በትንሹ ታትሟል። ሦስት ዓመት ስነዳ ልብ ብዬው አላውቅም። እሷ ገና ስትገባ አየችው። የለሰለሰ ሰም ጫነችበትና ቅርጹን ይዛ ወረደች።

ቤት ስትገባ ትልቁን በሰም ትሠራ ጀመር። የምትቀርጸው በወስፌ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ አራቱን የፈረንጅ ፊደል ግን አንድም ሳትስት አወጣቻቸው።

አባቷ መስቀል የሚሠሩ አንጥረኛ ነበሩ። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።

«ምነው እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «እኔ ወናፍ ነበር የምነፋ። ሌላውን ሴት አትነካውም ይሉ ነበር። ዓይኔን ግን ማን ይከለክለዋል?» አለችኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ሰሙን በጭቃ ሸፈነችው። ሲሞቅ ሰሙ ይፈስሳል፤ በእሱ ቦታ ናስ ይገባል አለችኝ። ጭቃው እስኪደርቅ ሥራ የለም። እኔ ስሰበስብ ዋልሁ፦ ከሰል፣ ሞረድ፣ የአባቷ ወናፍ ከአክስቷ ቤት፣ ለናሱም ጣልያን ከተዋጋበት ኮረብታ የተለቀመ የጥይት ቀልሃ አንድ ቁና።

ዓርብ፣ የካቲት 12

ተበላሸ። ወናፉን እኔ ነፋሁ። ቀልሃው ቀልጦ እንደ ማር ወረደ። ጭቃውን ስንሰብረው ግን የግራ ክንፉ ግማሽ የለም።

እኔ በቃ ብዬ ተቀመጥሁ። እሷ ጎዶሎውን ፀሐይ ላይ አገላበጠችው። «ጭቃው ቀዝቅዞ ነበር። ናሱ ክንፉ ጋ ሳይደርስ ረጋ» አለች። ወዲያው ሌላ ሰም ታለሰልስ ጀመር። ጣቷ ተቃጥሏል፤ ጨርቅ እንኳ አላሰረችበትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 13

ወጣ! ሙሉውን! ጭቃውን እሳት ዳር አድርቃ፣ አግላ፣ ትኩስ እንዳለ ናሱን አፈሰሰችበት። ከዚያ በሞረድ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ ስታሸው ዋለች። የክንፉ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የፊተኛው እንዲህ አልነበረም።

ገጠምሁት። ሸጋ ነው። እንደ ሞኝ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እያፈገፈግሁ አየሁት።

«ለአያ ተገኘ ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ።

እሑድ፣ የካቲት 14

አያ ተገኘ መጡ። ካሚዮኑ ፊት ቆሙ። «ጎሽ! ምን ብትወለውለው ነው እንዲህ ያበራ?»

ዝም ብል ያበቃ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። የአራት ቀን ድካሟ የእኔ ውልወላ ሊባል?

«አያ፣ ያንን ሊማሊሞ ላይ ጣልሁት። ይህን የሠራችው ሚስቴ ናት።»

ፊታቸው ጠቆረ። ጎንበስ ብለው ላባውን በጣታቸው ተከተሉት።  

«ሚስትህ?»

«አዎን።»

«እስቲ ውሰደኝ።»

ቤቴ ደርሰን አንጓች ከጓዳ ስትወጣ አያ ተገኘ ከመደቡ ተነሡላት። ለሴት ሲነሡ አይቻቸው አላውቅም። «እጅሽ ይባረክ» አሉና ጎዶሎውንም አስመጥተው አዩ። ጭቃውን ጠየቁ፣ ሰሙን ጠየቁ። እሷ መሬት መሬት እያየች መለሰች፤ አንዱንም ግን አልሳተችም። ስለ እኔ ምንም አላሉም።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ነገ ይህን ሰውየ በጊዜ ቀስቅሺው። እህል ወደ አዲ አርቃይ ይጭናል።»

አንጓች ሳቀች። እኔ አያ ተገኘን ልሸኝ ወጣሁ።