በዓል የሚያከብረው ፓምፕ

ጥቅምት 6

ላሊበላ ያለውን የጥገና ሱቄን ረፋድ ላይ ከፈትኩ። አንድ የሆቴል ፍሪጅ መጣ፤ ምንም አልነበረውም፣ ሶኬቱ ወልቆ ነው። ባለቤቱ አፍሮ ሻይ ጋበዘኝ። እንዲህ ያለ ብልሽት ብቻ በሆነ...

ከሰዓት ሸጌ ደወለች፣ የገነተ ማርያም መንደርን የውኃ ፓምፕ የምትጠብቀው። ፓምፑ ትናንት በአቦ ቀን ቆሞ ውሏል፣ ዛሬ ማንም ሳይነካው ተነሥቷል። ነገ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 7

ሄድኩ። ፓምፑ እየሠራ ጠበቀኝ። ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ሞተሩን አዳመጥኩ፣ የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፈትኩ... ምንም። «ጤነኛ ነው» ብዬ ተመለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ! የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ከፋለ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ስመጣ የሚሠራ፣ ስሄድ የሚቆም... ምን በድዬው ነው?

ጥቅምት 13

ትናንት ሚካኤል ነበር። ቆመ። ዛሬ ጠዋት ራሱ ተነሣ።

የደብሩ ቄስ አባ ሀብተ ሥላሴ ደውለው፣ ፓምፑ ከምእመናኑ ይልቅ በዓል ያከብራል ብለው ቀለዱብኝ። ሳቅኩ። አቶ ከፋለ ግን ሲደውሉ አልሳቁም። ቤቱ ሁሉ እንግዳ ሞልቶት ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ወንዝ ወርደዋል። አምና ልጆቹን ያሳመመው ወንዝ። ሌላ አንድ ጊዜ ከቆመ ከወልድያ ሌላ ባለሙያ እናመጣለን አሉኝ።

ገነተ ማርያም ካሰናበተችኝ ሌላው ማን ይጠራኛል? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኩልመስክ ከተማ ይገባል። ተናድጃለሁ። በፓምፑም፣ በራሴም።

ጥቅምት 16

የአባ ቀልድ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አቦ... ሚካኤል... ባለፈው ወር ደግሞ መድኃኔዓለም። እኔ በበዓል መፍቻ አልነካም፤ እናቴ ከቤት ታስወጣኛለች።  ታዲያ ይህን ፓምፕ ታሞ አይቼው አላውቅም ማለት ነው! በደህናው ቀን እየሄድኩ ደህና ነው እላለሁ። ወይ እኔ!

የፊታችን የማርያም ማኅበር ተረኛዋ ሸጌ ናት፤ ጠርታኛለች። የኤሌክትሪክ መለኪያዬን በነጠላ ሸፍኜ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 21

የማርያም ማኅበር፣ ሸጌ ቤት።

ዳቦው ተቆርሶ ሳያልቅ ውኃው ቆመ። አቶ ከፋለ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ለአባ በጆሯቸው፣ ምንም አልፈታም፣ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው አልኳቸው። «ማየት ሥራ አይደለም፤ እኔም ልይ» ብለው ተነሡ።

ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። መለኪያዬን አስገባሁ። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከልኩ በጣም ከፍ ብሏል፤ ፓምፑ እንዳይቃጠል ራሱን አጥፍቷል። ግን ለምን ዛሬ?

ቆሜ ሳዳምጥ... ጸጥታ። ለካ የመንደሩ ሁለት ወፍጮዎች ዝግ ናቸው! ሁለቱም ከፓምፑ ጋር አንድ የመብራት መስመር ላይ ናቸው። በሥራ ቀን ኃይሉን ይሻሙታል፤ በበዓል ሲዘጉ ፓምፑ ላይ ይበዛበታል። ማታም ይዘጋሉ፣ ያኔ ግን ፓምፑም አይሠራም።

ግምት ነው እንጂ። ሦስቴ ተሳስቼ በግምት ልመካ? የወፍጮዎቹ ባለቤት ሐምዳን ዘንድ ሮጥን። አስነሣልኝ ስለው ደነገጠ። «በማርያም? እኔ ሙስሊም ብሆንም ጎረቤቴን አስቀይሜ ወፍጮ አላስነሣም» አለ። ሁላችንም ወደ አባ ዞርን። 

«ባዶውን ይዙር» አሉ። «እህል ካልገባበት መፍጨት አይባልም።»

ወፍጮዎቹ ባዷቸውን ጮኹ። ጥቂት ቆይቶ ሸጌ ከፓምፑ ቤት በር ላይ ሆና ነጠላዋን አወዛወዘች። ውኃ! ሐምዳንን አጥፋ አልኩት፣ ውኃው ቆመ። አስነሣ አልኩት፣ መጣ። ማኅበርተኛው ጠላውን እንደያዘ ወጥቶ ያያል። እንደ ጥጃ መዝለል አማረኝ።

ጥቅምት 24

የመብራት ሠራተኞች መጥተው የትራንስፎርመሩን ኃይል አንድ ደረጃ ዝቅ አደረጉት። ለወፍጮዎቹ ሲባል ነበር ከፍ ያለው። ሐምዳን ለሙከራ ገብስ ፈጨ፤ ደህና ነው።

አቶ ከፋለ ደውለው «አለቀ?» አሉ። አዎ ልል ከንፈሬ ላይ ደረሰ... ዋጥኩት። ወፍጮ እየጮኸ ፓምፑ ቢሠራ ምን ያስረዳል? በዓል እስኪመጣ እንጠብቅ አልኳቸው። የወልድያውን ሰው ለኅዳር ሚካኤል ማግሥት ጠርተውታል። ይሁን።

ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም። ሠራ! ግን ሐምዳን አንዱን ወፍጮ ለጥገና ባዶውን ሲያዞር ውሏል አሉ። አይቆጠርም። ኤጭ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ሁለቱም ወፍጮዎች ከጠዋት ጀምሮ ዝግ። እንግዳው እንደ ጉድ ነው። ከፓምፑ ቤት አልራቅሁም፤ ሸጌ ምሳዬን እዚያው አመጣችልኝ። ፓምፑ ሲሠራ ዋለ። ጋኖቹ ሞሉ፣ ወንዝ የወረደ የለም።

አመሻሽ ላይ አቶ ከፋለ መጡ። ደስ ብሎኛል፣ ግን ለጽዮንም መጥቼ ልየው፣ መስመሩ ላይ አዲስ ነገር ከገባም እንደገና መለካት አለበት አልኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ጤነኛ ነው ስትዪኝ አንዴም አምኜሽ አላውቅም» አሉ። «ገና ልየው ስትዪ ነው ያመንኩሽ።»

እዚያው ቆመው ወልድያ ደወሉ፤ ሰውየው እንዳይመጣ ነገሩት። ከዚያ የፓምፑን ቤት ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ላሊበላ እስክገባ በእጄ ጨብጬው መጣሁ።